ሶላር ከመግዛታችሁ በፊት፦ ፐርሰንቱ የሚለካው ምንድን ነው?

ሱሉልታ ላይ ከዋናው አስፋልት ገባ ብላችሁ ወደ አዳዲሶቹ ሰፈሮች ብትሄዱ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሶላር የጫነ ቤት ማየት ብርቅ አይደለም። ምክንያቱን የከተማ ዳር ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል። መብራት ይጠፋል። ሲመጣም አንዳንዴ ቮልቴጁ ከመውረዱ የተነሳ ፍሪጁ አይነሳም። ከትራንስፎርመሩ የራቀ ቤት ደግሞ ይብስበታል።

ታዲያ ሶላር ልትገዙ ስትወጡ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ፐርሰንት ነው። «ይሄኛው 20 ነው፣ ያኛው 22 ተኩል» ይላል። ዋጋውም በዚያው ይለያያል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ችግሩ ብዙ ሰው የዕቃው ጥራት አድርጎ ይወስደዋል። ፐርሰንቱ ግን ጥራትን አይለካም። የሚለካው ቦታን ነው። ይህን ያወቀ ሰው ብዙ ብር ያተርፋል፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ቀትር ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ ባዞረ አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ገደማ የፀሐይ ጉልበት ያርፋል። ፓነሉ ከዚያ ውስጥ 225 ዋቱን ኤሌክትሪክ ካደረገው ብቃቱ 22.5 በመቶ ነው። 180 ዋቱን ካደረገው 18 በመቶ። ሌላ ሚስጥር የለውም።

እንግዲህ 400 ዋት የሚል ፓነል፣ ብቃቱ 18ም ሆነ 22፣ በአንድ ዓይነት ሁኔታ የሚሰጠው 400 ዋት ነው። ልዩነቱ ስፋታቸው ላይ ነው። 3.6 ኪሎዋት ለመትከል በ18 በመቶው ፓነል 20 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያስፈልጋችኋል። በ22.5 በመቶው 16 ካሬ ይበቃል። ለተጨማሪው ፐርሰንት የከፈላችሁት ብር የገዛው አራት ካሬ ሜትር ጣሪያ ነው።

ይህ ለአንዳንዱ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሰርቪስ ቤት ላይ ብቻ ቦታ ያለው፣ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የሚሰቅል፣ ወይም ጣሪያው ግማሹ በጎረቤት ፎቅ ጥላ የተያዘበት ሰው ከፍተኛ ብቃት ያለውን ይግዛ። ሳተላይት ላይ እያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለምትቆጠር ከተራው ሲሊከን (አብዛኛው ፓነል ከሚሠራበት ቁስ) ብዙ እጥፍ ውድ የሆነ ሴል፣ ማለትም ብርሃኑን ኤሌክትሪክ የሚያደርገው የፓነሉ ትንሽ ክፍል፣ ይገጠማል። ፓነሉ ባነሰ ቁጥር ብረቱ፣ ሽቦውና የሠራተኛው ዋጋም ይቀንሳል፤ ይህም መታሰብ አለበት። ሰፊ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ግን በዋት ሂሳብ ርካሹን ደህና ፓነል ገዝቶ የተረፈውን ብር ባትሪና ኢንቨርተር (የፓነሉን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ ወደሚሆነው የሚቀይረው መሣሪያ) ላይ ቢያውለው ይሻላል። እኔ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው።

ሜትር ይዛችሁ ሂዱ

ፐርሰንቱ ስፋትን የሚለካ መሆኑ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። የተጋነነ ጽሑፍ የለጠፈን ዕቃ በቀላሉ ያጋልጣል። ሱቅ ስትገቡ የአናጢ ሜትር ያዙ። የፓነሉን ርዝመትና ወርድ ለኩና አባዙ። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት ለውጤቱ አካፍሉት።

አንድ ፓነል 1.65 በ0.99 ሜትር ነው እንበል። ስፋቱ 1.63 ካሬ ሜትር መጣ። ጀርባው ላይ 450 ዋት ይላል። 450 ለ1.63 ሲካፈል በካሬ ሜትር 276 ዋት ይሆናል፤ 27.6 በመቶ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፓነል ሱቅ ውስጥ አይገኝም። ላቦራቶሪ ውስጥ በከፍተኛ ጥንቃቄ የተሠራ አንድ ነጠላ የሲሊከን ሴል ራሱ የሚደርሰው እዚያ አካባቢ ነው። ሙሉ ፓነል ሲሆን ደግሞ ፍሬሙና በሴሎቹ መሃል ያለው ክፍተት ፐርሰንቱን ያወርዱታል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ደህና ፓነል በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 235 ዋት ቢሰጥ ነው። ከ250 ካለፈባችሁ ተዉት።

በአሁኑ ሰዓት በብዛት የሚገባው ትልቁ ፓነል 2.28 በ1.13 ሜትር ገደማ ነው። 580 ዋት ከተጻፈበት ሂሳቡ 22.5 በመቶ ይመጣል። ያ ትክክል ነው።

ለምን 100 አይሞላም?

«ቴክኖሎጂ እዚህ ደርሶ እንዴት ሦስት አራተኛው ፀሐይ ይባክናል?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

የፀሐይ ብርሃን የቅንጣቶች ጎርፍ ነው። ቅንጣቶቹ የያዙት ጉልበት እኩል አይደለም። የሰማያዊው ብርሃን ብዙ ነው፣ የቀዩ ያንሳል፣ ዓይናችን የማያየው ኢንፍራሬድ ከዚያም ያንሳል። ሲሊከን ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን ከቦታው ተነስቶ እንዲንቀሳቀስ ደግሞ ቢያንስ 1.1 ኤሌክትሮንቮልት (የቅንጣት ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ጉልበት ይፈልጋል። የሚኒባስ ታክሲ ታሪፍ አድርጋችሁ አስቡት። ከታሪፉ ያነሰ የያዘ አይሳፈርም። የበለጠ የያዘ ይሳፈራል፣ ግን መልስ የለም። ኢንፍራሬዱ አብዛኛው ሳይሳፈር ያልፋል። ሰማያዊው ይሳፈራል፤ ትርፍ ጉልበቱ ግን ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ይህን በሂሳብ ያስቀመጡት ዊሊያም ሾክሊና ሃንስ ኩዊሰር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1961። የእነሱ ስሌት ዛሬ ባለው መረጃ ሲሠራ፣ ከአንድ ዓይነት ቁስ የተሠራ ሴል ከ33 በመቶ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ለሲሊከን ጣሪያው 29 በመቶ ገደማ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቤል ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1954 የመጀመሪያውን ጠቃሚ የሲሊከን ሴል ሲያሳይ ብቃቱ 6 በመቶ አካባቢ ነበር። ከ6 ተነስቶ ላቦራቶሪ ውስጥ ከ27 በላይ መድረስ ማለት ተፈጥሮ ከፈቀደችው ብዙውን መጨረስ ነው። የዛሬ ፓነል ሰነፍ አይደለም።

ጣሪያውን ማለፊያው መንገድ ሁለት ሴል መደራረብ ነው። ከላይ ፔሮቭስካይት የሚባል ስስ ቁስ ሰማያዊውን በከፍተኛ ታሪፍ ይወስዳል። ያለፈውን ከታች ያለው ሲሊከን ይለቅማል። በዚህ መንገድ ላቦራቶሪ ውስጥ ከ34 በመቶ በላይ ተመዝግቧል። በ2024 የመጀመሪያዎቹ ፓነሎች ለደንበኛ መሸጥ ጀምረዋል። ነገር ግን ፔሮቭስካይት እርጥበትና ሙቀት ይጎዱታል፤ 25 ዓመት ጣሪያ ላይ ይቆይ እንደሆነ ገና እየተፈተነ ነው። እሱን እጠብቃለሁ ብላችሁ ጨለማ ውስጥ አትቀመጡ።

ፐርሰንቱን ትታችሁ ዓይነቱን ጠይቁ

ሱቅ ውስጥ ፐርክ፣ ቶፕኮን፣ ኤችጄቲ የሚሉ ስሞች ትሰማላችሁ። ሦስቱም ሲሊከን ናቸው። የሚለያዩት አንድን ብክነት በሚከላከሉበት መንገድ ነው። ከቦታው የተነሳ ኤሌክትሮን ሽቦው ጋ ሳይደርስ ተመልሶ የተነሳበት ዓይነት ባዶ ቦታ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ይህ የሚበዛው ሴሉ ጠርዝ፣ ጀርባው ላይ እና ብረቱ ሲሊከኑን በሚነካበት ቦታ ነው።

ፐርክ የሴሉን ጀርባ በመከላከያ ሽፋን ይለብጠዋል። ሐሳቡ ከአውስትራሊያ፣ ከኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ፣ ከማርቲን ግሪን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የመጣ ነው። ቶፕኮን አንድ እርምጃ ይጨምራል። ብረቱና ሲሊከኑ መሃል ከአንድ እስከ ሁለት ናኖሜትር የሆነች የኦክሳይድ ንብርብር ያስገባል። ከመሳሳቷ የተነሳ ኤሌክትሮኑ ያልፍባታል፤ ብክነቱ ግን ይቀንሳል። ኤችጄቲ ሲሊከኑን ከፊትም ከኋላም በሌላ ዓይነት ስስ ሲሊከን ይሸፍነዋል። የጃፓኑ ኩባንያ ሳንዮ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ወደ ገበያ ያመጣው እሱን ነው።

ለገዢ ዋናው ነገር ከዚህ የሚመጣው ዕድሜ ነው። የቀድሞው ፐርክ ሲሊከኑ ውስጥ ቦሮን አለበት። ቦሮንና ኦክስጅን ፀሐይ ሲያገኛቸው ተጣምረው የመጀመሪያዎቹን ወራት ጉልበት ይቀንሳሉ። ቶፕኮንና ኤችጄቲ በብዛት የሚሠሩት ኤን-ታይፕ ከሚባለው፣ ፎስፈረስ ከተጨመረበት ሲሊከን ስለሆነ ይህ ችግር የለባቸውም። ዋስትናቸው ላይ ታዩታላችሁ። የተለመደው የፐርክ ዋስትና በመጀመሪያው ዓመት 2 በመቶ፣ ከዚያ በየዓመቱ 0.55 በመቶ እንደሚወርድ ይናገራል። የቶፕኮን 1 በመቶ፣ ከዚያ 0.4 ነው። ከ25 ዓመት በኋላ አንዱ 84.8 በመቶ ላይ፣ ሌላው 89.4 በመቶ ላይ ይሆናል። ለልጆቻችሁ የሚቆይ ዕቃ ስትገዙ ይህች ልዩነት ከፐርሰንቱ በላይ ትመዝናለች።

ብርዱ ይጠቅመናል፣ ደግሞም ይጎዳናል

ፓነል ፀሐይ ይወዳል፣ ሙቀት አይወድም። የተጻፈበት ዋት የሚለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ነው። ጣሪያ ላይ ግን ሴሉ ከአየሩ 30 ዲግሪ ያህል ሊበልጥ ይችላል። ከ25 በላይ ለምትጨምር ለእያንዳንዷ ዲግሪ ፐርክ 0.35 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ቶፕኮን 0.30፤ ኤችጄቲ 0.25።

ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ቀትር ላይ አየሩ 18 ዲግሪ ቢሆን ሴሉ 48 ይደርሳል። ፐርኩ 8 በመቶ፣ ኤችጄቲው 6 በመቶ ገደማ ያጣሉ። ልዩነቱ ሁለት ብቻ ነው። ሰመራ ላይ አየሩ 40 ሲሆን ሴሉ 70 ይገባል፤ እዚያ ፐርኩ 16፣ ኤችጄቲው 11 ያጣሉ። አፋር ላለ ሰው ኤችጄቲ ውድ ቢሆንም ያዋጣው ይሆናል። ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ ወይም ሆለታ ላለ ሰው «ሙቀት ይችላል» ተብሎ የሚጨመርበት ዋጋ ብዙም አይመልስም።

አሁን ጥንቃቄ የሚፈልገውን ልንገራችሁ። ብርድ ቮልቴጅን ከፍ ያደርጋል። ባለሙያ ነን የሚሉ ብዙዎች ይህን ይዘሉታል።

10 ፓነል በተከታታይ ተያይዟል እንበል። እያንዳንዱ ጀርባው ላይ ክፍት ቮልቴጁ (ምንም ዕቃ ሳይስብበት ያለው) 49 ይላል። ድምሩ 490 ነው። ኢንቨርተሩ እስከ 500 ቮልት እቀበላለሁ ይላል። ወረቀት ላይ ያልፋል። ኅዳር ላይ፣ ውርጭ በጣለበት ንጋት፣ ሴሉ 5 ዲግሪ ላይ እያለ ፀሐይ ትወጣለች። ብርሃኑ ደካማ ቢሆንም ቮልቴጁ ለመውጣት ብዙ ብርሃን አይፈልግም። በየዲግሪው 0.27 በመቶ ስለሚጨምር በ20 ዲግሪ ልዩነት 5.4 በመቶ ይወጣል። 490ው 516 ሆነ። ኢንቨርተሩ ገና መሥራት ሳይጀምር ሊቃጠል ይችላል። ዋስትናውም አይሸፍነውም፤ ከተፈቀደው በላይ ተሰጥቶታልና። የሚያስገጥምላችሁን ሰው «በውርጭ ጠዋት ቮልቴጁ ስንት ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ሌላ ሰው ፈልጉ።

ጣሪያው ላይ

ሰፈራችን ውስጥ የፓነል ትልቁ ጠላት ሮቶ ነው። ውኃ ማጠራቀሚያው ከጣሪያው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ሶላሩ ሥሩ ይደረደራል። ከሰዓት በኋላ ጥላው አንዱን ጥግ ይይዛል። «ትንሽ ጥላ ነው» ይባላል። ግን ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲታፈን ሌላውን ይዞ ይቀራል። ለዚህ ሲባል ጀርባው ላይ ሦስት ባይፓስ ዳዮዶች አሉ፤ የታፈነውን ክፍል ዘለው ያልፋሉ። እነሱ ባይኖሩ የታፈነው ሴል ግሎ ይቃጠል ነበር። ቢሆንም በአሮጌው አሠራር አንድ ሴል ሙሉ በሙሉ ሲሸፈን የፓነሉ አንድ ሦስተኛ ይጠፋል። አዲሶቹ ፓነሎች ሴሎቻቸው ለሁለት የተቆረጡ ናቸው። የላይኛውና የታችኛው ግማሽ ራሱን ችሎ ስለሚሠራ፣ ፓነሉ ቆሞ ከተገጠመና ጥላው ከታች ብቻ ከሆነ የላይኛው ግማሽ ይተርፋል። ከሁሉም በላይ ግን ሮቶውን ማዛወር ይረክሳል።

አቅጣጫው ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነን። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ። 10 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ማዘንበል ጥሩ ነው። የተለመደው ቆርቆሮ ጣሪያ ምሥራቅና ምዕራብ ቢያይም የሚጠፋው ጥቂት ነው። ጨርሶ ጠፍጣፋ ግን አታድርጉት፤ ዝናቡ አቧራውን ጠርጎ እንዲወርድ ማዘንበል አለበት። በበጋ፣ ኮሮኮንች መንገድ ዳር ያለ ቤት፣ በማለዳ በውኃና በለስላሳ ጨርቅ ያጥበው። ቀትር ላይ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አይደፋም።

በረዶስ? በዓለም አቀፉ ፈተና 25 ሚሊሜትር የሆነ የበረዶ ኳስ በሰከንድ 23 ሜትር ተወንጭፎ ፓነሉን ይመታዋል። ያንን ያለፈ ዕቃ የእኛን የተለመደ በረዶ ይችላል። ፓነሉን ይበልጥ የሚጎዳው የገጣሚው ጉልበት ነው። ሞራሌ ላይ ሆኖ መሥራት ሲያቅተው ፓነሉ ላይ ይንበረከካል። መስታወቱ አይሰበርም። ሥር ያለው ሴል ግን ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያወጣል፣ በዓመታት ውስጥ ይሰፋል። ሲገጥሙ ቆማችሁ እዩ።

ምጣዱ፣ ባትሪውና ግድቡ

ቤት ውስጥ ያለው ትልቁ ፈላጊ ምጣድ ነው። 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ለአንድ ሰዓት ተኩል ከተጋገረ 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የተለመደው 51.2 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ የሚይዘው 5.12 ነው። ማታ እንጀራ ከጋገራችሁ ባትሪው አለቀ፤ መብራቱም ቴሌቪዥኑም አብረው። ስለዚህ ሶላር ያለው ቤት ከቀኑ 5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ይጋግር። ፓምፑም፣ ካውያውም፣ የወተት ማቀዝቀዣ ያለው ከሆነ እሱም ያኔ ይሥራ። ባትሪው ለማታ ይቆያል። ባትሪውን ደግሞ ውጭ ሳጥን ውስጥ አትተዉት፤ ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል፣ ሱሉልታ ደግሞ ውርጭ ያውቃል።

ከቤት ወጥተን አገሩን ብናይ ተመሳሳይ ጥያቄ አለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውኃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት አለው። ብዙ ሰው «ግድብ እያለን ሶላር ለምን?» ይላል። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው፤ ግድብ ያለው አገር ለሶላር የተመቸ ነው። ሶላር ማታ ስለማይሠራ ሌላው አገር ብዙ ባትሪ መግዛት አለበት። እኛ ቀን በሶላር ስንሠራ ግድቡ ውኃውን ይዞ ይቆያል። ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ፣ ሁሉም ቤት መብራትና ምድጃ ሲያበራ፣ የተቆጠበው ውኃ ይለቀቃል። በዓመቱም እንዲሁ ይገጥማሉ። ክረምት ደመናው ሶላርን ሲቀንስ ግድቡ ይሞላል። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ፀሐዩ ይበረታል። ድርቅ ሲመጣም ውኃ ብቻ የያዘ አገር ከሚቸገረው ያነሰ እንቸገራለን።

እዚህ ላይ የፓነሉ ፐርሰንት ሚና ትንሽ ነው። የትልቅ ጣቢያ ዋጋ ውስጥ መሬቱ፣ ብረቱ፣ ኬብሉና የማስተላለፊያ መስመሩ ይበዛሉ፤ ፓነሉማ ረክሷል። በ2024 ቻይና ፋብሪካ ላይ የአንድ ዋት ዋጋ 10 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ወርዷል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከመስመሩ ጋር ብቻ የሚሠራ ኢንቨርተር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ፀሐዩ ቢያቃጥልም። ይህ ብልሽት አይደለም። ምሰሶ ላይ የወጣ የመሥመር ሠራተኛ ኃይል የለም ብሎ የነካውን ሽቦ የእናንተ ጣሪያ እንዳያሞቀው ነው። መብራት በጠፋ ሰዓት ኃይል የምትፈልጉ ከሆነ ሃይብሪድ (ከመስመሩም ከባትሪውም ጋር የሚሠራ) ኢንቨርተርና ባትሪ ግዙ። ከቆጣሪው መስመር ጋር የሚያገናኘውን ሥራ በፈቃድና በትክክለኛ ማቀያየሪያ አስደርጉ። ማቀያየሪያው በአንድ ጊዜ ወይ የመንግሥትን መስመር ወይ የእናንተን ብቻ የሚያገናኝ መሆን አለበት። ሁለቱን በአንድ ሶኬት ለመቀላቀል የሚነሳ ሠራተኛ ካጋጠማችሁ አስቁሙት።